ኮልፌና የደቡብ አፍሪካ ዕጣ

ስለ አንድ ሀገር የወደ ፊት ዕጣ መናገር ቀላል ሥራ ይመስላል፤ ተናጋሪው በተናገረበት ቀን ቃሉን ሐሰት የሚያደርግ ማስረጃ አይገኝምና። ነገር ግን የተሳሳተውን ግምት ዋጋ የሚከፍለው ብዙ ጊዜ ተናጋሪው ሳይሆን በዚያ ግምት መሠረት የሚተዳደረው ሕዝብ ነው። ለዚህ ጉዳይ ምስክር የሚሆን ታሪክ በምዕራብ አዲስ አበባ፥ ዛሬ ኮልፌ ቀራኒዮ በሚባለው ክፍለ ከተማ ተፈጽሟል።

በ1954 ዓ. ም. (በዚህ ጽሑፍ ሌላ ካልተባለ በቀር ዘመኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) በክረምቱ መግቢያ፥ በኮልፌ ወደ ነበረው የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሠፈር አንድ ቁመተ ረዥም እንግዳ ገቡ። ሙያቸው ጥብቅና፥ ስማቸው ኔልሰን ማንዴላ ነበር። ከሀገራቸው በስውር ወጥተው፥ በዚያው ዓመት በአዲስ አበባ በተደረገው የአፍሪካ የነፃነት ንቅናቄዎች ጉባኤ ላይ ንግግር ካደረጉ በኋላ፥ ብዙ አገሮችን ዞረው የተመለሱት የጦር ትምህርት ለመማር ነው። በቀን የተኩስና የፈንጂ ልምምድ፥ የድካም ጉዞም ያደርጋሉ፤ ወደ ማታ ኮሎኔል ታደሰ ብሩ ስለ ጦር ጥበብ ያስተምሯቸዋል። ለስድስት ወር የታሰበው ትምህርት ግን በጥቂት ሳምንታት ተቋረጠ፤ ፓርቲያቸው ወደ ሀገራቸው ጠራቸው። ኮሎኔሉ አንድ ሽጉጥና 200 ጥይት ሰጥተው አሰናበቷቸው። እንግዳውም በሐምሌ 29 ቀን 1954 ዓ. ም. በሀገራቸው ተያዙ።

በዚያ ወራት ደቡብ አፍሪካ ወዴት እንደምትሄድ የሚነገረው እርስ በርሱ የማይስማማ ነበር። የጠቅላይ ሚኒስትሩ የፈርቩርድ መንግሥት፥ ጥቁሮቹ በየነገዳቸው «ባንቱስታን» በሚባል ክልል ተለይተው ይኖራሉ፤ ከተማውና ማዕድኑ ለነጮች ይቀራል ይል ነበር። የዕቅዱ ሊቃውንት በፈረንጆች 1978 ዓመት ጥቁሮች ወደ ከተማ መፍለሳቸውን ትተው ወደ ክልላቸው መመለስ ይጀምራሉ እስከ ማለት ደርሰዋል። የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ማክሚላን ደግሞ በጥር ወር 1952 ዓ. ም. በኬፕ ታውን ምክር ቤት ቆመው፥ በአፍሪካ የተነሣውን የነፃነት ስሜት ማንም ሊያግደው እንደማይችል አስጠነቀቁ።

የነፃነት ታጋዮቹም ቢሆኑ አንድ ቃል አልነበራቸውም። ፓን አፍሪካኒስት ኮንግረስ ነፃነት በፈረንጆች 1963 ይገኛል ብሎ ቀን ቈረጠ። የአፍሪካ ብሔራዊ ኮንግረስና ተባባሪዎቹ ግን በሰኔ ወር 1947 ዓ. ም. ባጸደቁት የነፃነት ቻርተር ሀገሪቱ የጥቁሩም የነጩም መሆኗን አወጁ። በውጭ ያሉት ብዙ ታዛቢዎች ከሁሉም የተለየ ነገር ተናገሩ፤ ነገሩ በዘር እልቂት ካልሆነ በቀር አይፈጸምም አሉ።

የኢትዮጵያ መንግሥት በበኩሉ በሕግ መንገድ ተስፋ አደረገ። በጥቅምት ወር 1953 ዓ. ም. ከላይቤሪያ ጋራ ሆኖ፥ በናሚቢያ ስለሚፈጸመው በደል ደቡብ አፍሪካን በዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ከሰሰ። ክርክሩ አምስት ዓመት ከመንፈቅ ያህል ፈጅቶ፥ በሐምሌ ወር 1958 ዓ. ም. የዳኞቹ ድምፅ ሰባት ለሰባት ስለ ተከፈለ፥ በፕሬዚዳንቱ ተጨማሪ ድምፅ ክሱ ውድቅ ሆነ።

እንግዲህ የማን ቃል ተፈጸመ? በፈረንጆች 1963 ነፃነት አልመጣም፤ በሰኔ ወር 1956 ዓ. ም. ማንዴላ ዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባቸው። በፈረንጆች 1978 ሲደርስም ጥቁሮቹ ወደ ከተማ መፍለሳቸውን አልተዉም፤ እንዲያውም ከሁለት ዓመት በፊት፥ በሰኔ ወር 1968 ዓ. ም. የሶዌቶ ተማሪዎች ተነሥተው ነበር። ማንዴላ በኮልፌ የተማሩት የጦር ጥበብም ብቻውን ድል አላመጣም። የሠራተኞች ማኅበራት አድማ፥ የየሠፈሩ ዐመፅ፥ የውጭ አገሮች የንግድ ማዕቀብ፥ የቀዝቃዛው ጦርነት ማብቃት ተደማምረው ገዢዎቹን ወደ ድርድር አመጧቸው። እስረኛው በየካቲት 4 ቀን 1982 ዓ. ም. ተፈቱ፤ በሚያዝያ ወር 1986 ዓ. ም. ዘር ሳይለይ ምርጫ ተደረገ፤ በግንቦት 2 ቀን የሀገሪቱ ፕሬዚዳንት ሆኑ። በሽግግሩ ዓመታት ብዙ ደም ፈሷል፤ ሁሉን የሚያጠፋ ነው የተባለው የዘር ጦርነት ግን አልደረሰም።

የታሪኩ ሌላ ወገን ለእኛ ይበልጥ ይቀርባል። በ1954 ዓ. ም. በኮልፌ ቆሞ የሚያይ ሰው፥ ከአስተናጋጁና ከእንግዳው የማንኛው ነገ የተረጋገጠ ይመስለው ነበር? ኮሎኔል ታደሰ የታኅሣሥ 1953ቱን የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ካከሸፉት አንዱ ነበሩ፤ ዘውዱም ጸንቶ የቆመ ይመስል ነበር። እንግዳው ግን በጥቁር መኮንኖች የሚታዘዙ ጥቁር ወታደሮችን አይተው ደስ ቢላቸውም፥ ፓርቲም ሆነ የሥልጣን ክፍፍል አለመኖሩን፥ ሁሉም በንጉሠ ነገሥቱ እጅ መሆኑን ልብ እንዳሉ በኋላ በሕይወት ታሪካቸው ጽፈዋል። ከ12 ዓመት በኋላ፥ በመስከረም ወር 1967 ዓ. ም. ዘውዱ ወደቀ። የጄኔራልነት ማዕረግ ደርሰው የነበሩት ታደሰ ብሩ በሜጫና ቱለማ ማኅበር ምክንያት ቀድሞ በንጉሡ ዘመን ታስረው ነበር፤ በዚያው በ1967 ዓ. ም. ደግሞ በደርግ ተገደሉ። ተማሪው ከ27 ዓመት እስራት ወጥተው ሀገር ሲመሩ፥ መምህሩ ይህን ሳያዩ ቀሩ።

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል። የፈርቩርድ ሊቃውንት ቁጥር ማስላት አላነሳቸውም፤ ነገር ግን ስለሚያሰሉለት ሕዝብ ፈቃድ ሕዝቡን አልጠየቁም። በእኛም አገር በታኅሣሥ 1953 የተሰማው ድምፅ ጸጥ ስላለ መልስ ያገኘ ተደርጎ ተቈጠረ። ቀን የቈረጡት ታጋዮች ደግሞ የባላጋራቸውን ኀይል አሳንሰው አዩ። የነፃነት ቻርተሩ ግን ስለ ቀኑ ምንም አላለም፤ ከየመንደሩና ከየፋብሪካው የተሰበሰበውን የሕዝብ ጥያቄ ብቻ አስፍሮ ነበርና፥ ከ39 ዓመት በኋላም አላረጀም።

ዛሬም ስለ ሀገራችን ነገ አንዱ መፍረስን፥ ሌላው ብልጽግናን ይናገራል። የሁለቱንም ቃል መስማት አይከፋም። ይሁን እንጂ ዕቅድ የሚያወጣ ሹም፥ የሚያስተምር መምህር፥ ነገ ተረካቢ የሆነው ተማሪም ቃሉን ከመቀበሉ በፊት፥ ይህ ግምት ሲነገር ያልተጠየቀው ማን ነው ብሎ ቢጠይቅ መልካም ይመስለኛል። ያልተጠየቀው ሰው፥ ዘግይቶም ቢሆን፥ ቃሉን መናገሩ አይቀርምና።