ድሬዳዋ ካምፕ ውስጥ ኮሚክ ይገዛ የነበረው የጣሊያን ልጅ

ይሄ ጽሑፍ ረዘም ይላል። የፈተና ወረቀት አርሜ ስለጨረስኩ ጊዜ አግኝቼ ነው፣ ቡናችሁን ይዛችሁ ቁጭ በሉ።

ባለፈው ወር አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪዬን ሲሥል ያዝኩት። እኔ የአምስቱን ዓመት ወረራ አስተምራለሁ፣ እሱ አንገቱን ደፍቶ የታሪክ ደብተሩ ላይ ይሥላል። ነጠቅኩት፣ ክፍሉ ሳቀ። ስታፍ ሩም ገብቼ ስገልጠው እንደ ናሩቶ ጸጉሩ የቆመ፣ ዓይኑ ትልልቅ የሆነ ወጣት በአንድ እጁ ጋሻ፣ በሌላው ጠመንጃ ይዞ የለገሃር ጣቢያ በር ላይ ቆሟል። ከፊቱ ታንክ አለ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሥዕሉ እኔ ሰሌዳ ላይ ከጻፍኩት ማስታወሻ የተሻለ ያስተምር ነበር። በማግስቱ ደብተሩን ስመልስለት ይቅርታ ይጠይቀኛል ስል "ቲቸር፣ ጣሊያን ድሬ ሲገባ ሰዉ ምን ለብሶ ነበር? ልሥለው ፈልጌ አጣሁ" አለኝ። ግንቦት 1 ቀን 1928 ዓ.ም. የግራዚያኒ ጦር ከተማችን እንደገባ ነገርኩት። ቀኑን በቃሌ አውቀዋለሁ። ልጁ የጠየቀኝ ግን ስለ ልብሱ ነው።

በዚያው ሰሞን የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ መጣች። ምን ላምጣልህ ስትለኝ ለዓመታት ስመኘው የነበረ መጽሐፍ ነግሬያት ነበር፦ የኡጎ ፕራት "ዘ ኢትዮፒያን"። ከጣሊያንኛ ወደ እንግሊዝኛ የተተረጎመ ኮሚክ ነው። ስትሰጠኝ ገለጥ ገለጥ አድርጋ "የልጆች ነው እንዴ?" ብላ ሳቀችብኝ። አልፈርድባትም። እኛ አገር ኮሚክ ማለት የሚያስቅ ሰው ነው፣ "አንተ ኮሚክ ነህ እኮ" እንባባላለን። ይሄኛው ግን አያስቅም። ሁለት ሌሊት እንቅልፍ ነሳኝ። የነሳኝም ታሪኩ ብቻ አይደለም፣ የሣለው ሰው ማንነት ነው።

ኡጎ ፕራት እ.ኤ.አ. በ1927 ሪሚኒ አካባቢ ተወልዶ ቬኒስ አደገ። አባቱ ሮላንዶ ወታደር ነበር። ጣሊያን አገራችንን ስትወር እዚህ መጣ፣ ልጁና እናቱም እ.ኤ.አ. በ1937 ተከተሉት። ኡጎ ያኔ ገና የአሥር ዓመት ልጅ ነው። 1937 የትኛው ዓመት እንደሆነ ለሐበሻ አይነገርም፦ አዲስ አበባ በየካቲት 12 በደም የታጠበችበት ዓመት ነው። ልጁ ወደ አሥራ አራት ሲጠጋ የቅኝ ግዛት ፖሊስ ውስጥ አስገቡት። በኋላ ካረጀ በኋላ እንኳ የሙሶሊኒ ትንሹ ወታደር እኔ ነበርኩ እያለ ያወራ ነበር።

ከዚያ 1933 ዓ.ም. መጣና ጣሊያን ተሸነፈ። እንግሊዞች አባትየውን ማረኩት፣ እ.ኤ.አ. በ1942 መጨረሻ ላይ በምርኮ እንዳለ በበሽታ ሞተ። እናትና ልጅ ደግሞ ካምፕ ገቡ። የት መሰላችሁ? እዚሁ ድሬዳዋ! ይሄን ሳነብ ከወንበሬ ተነሳሁ። እኔ በየቀኑ ከከዚራ ዛፎች ሥር ቆሜ ባጃጅ የምጠብቅባት ከተማ ናት። ያ ልጅ እዚህ ካምፕ ውስጥ ሆኖ ከጠባቂዎቹ ኮሚክ ይገዛ ነበር። ኋላ ቀይ መስቀል ወደ ጣሊያን መለሰው። ከጦርነቱ በኋላ አርጀንቲና ሄዶ ለዓመታት ሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ1967 ኮርቶ ማልቴዜ የሚባለውን መርከበኛ ፈጠረ። በ1995 ስዊዘርላንድ ውስጥ ሲሞት በአውሮፓ ኮሚክ ስሙ ከፊተኞቹ መሃል ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ካልጨመርኩ የልጁ አስተዳደግ አይገባችሁም። በወረራው ሰሞን ጣሊያን ውስጥ ሚኪ ማውስ (እነሱ "ቶፖሊኖ" ይሉታል) ሐበሻን ሊወጋ የሚዘምትበት ሸክላ ወጥቶ ነበር። አዎ፣ ልጆቻችን የሚያዩት ያው አይጥ። በሸክላው ላይ የጥቁር ሰው ቆዳ ለጫማ እንዲሆን ለእናቱ እልካለሁ እያለ ይፎክራል። ቀልድ ነበር፣ ይሳቅበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1938 የፋሺስቱ መንግሥት የአሜሪካ ኮሚኮችን ሲያግድ እንኳ ሚኪን ለጥቂት ዓመታት አልፎታል። ተማሪዎቼ ፋሺዝም ምንድነው ሲሉኝ ድሮ ከመጽሐፉ ትርጉሙን አጽፋቸው ነበር። ዘንድሮ ይሄን ነገርኳቸው፣ ክፍሉ ጸጥ አለ።

እና እዚያ ውስጥ ያደገ ልጅ ትልቅ ሰው ሲሆን ምን ሣለ?

"ዘ ኢትዮፒያን" ውስጥ አራት ታሪኮች አሉ። መጀመሪያ የወጡት በ1970ዎቹ መግቢያ በአንድ የፈረንሳይ የልጆች መጽሔት ላይ ነው። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1918 ነው፣ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሊያበቃ ሲል። ኮርቶ የመን ላይ ኩሽ ከሚባል ተዋጊ ጋር ይገናኛል፣ ከዚያ ቀይ ባሕርን ተሻግረው ወደ እንግሊዝ ሶማሊላንድ፣ ወደ እኛ በረሃ፣ በመጨረሻም ጀርመኖች ወደያዙት ምሥራቅ አፍሪካ እንወርዳለን። መጽሐፉን አንሥቼ የማልጠግበው ለኩሽ ስል ነው። ኩሽ የነጭ ሻንጣ ተሸካሚ አይደለም። ሃይማኖቱን ያውቃል፣ ክብሩን ያውቃል፣ ኮርቶንም ፊት ለፊት ይሞግተዋል። የዚያ ዘመን የአውሮፓ ኮሚክ ላይ ጥቁር ሰው እንዴት ይሣል እንደነበር ያየ ሰው ይሄ ምን ያህል እንደሆነ ይገባዋል። ወፍራም ከንፈር፣ የተጎለጎለ ዓይን፣ "አዎ ጌታዬ"... ፕራት ያን አላደረገም። በረሃውን ደግሞ ማየት አለባችሁ! ሁለት ሦስት የቀለም ጭረት ብቻ ነው፣ ግን ሙቀቱ ፊታችሁን ይገርፈዋል። በግንቦት ድሬ ላይ የኖረ ሰው እጅ እንደሆነ ያስታውቃል።

ቅሬታም አለኝ። አንደኛ፣ ርዕሱ ኢትዮጵያ ብሎ ከአራቱ ታሪክ እኛ ጋ የሚደርሰው አንዱ ነው። ፕራት ቃሉን የያዘው እንደ ጥንት ግሪኮች፣ ለጥቁር ሕዝብ ሁሉ ነው። ገንዘብ አውጥታችሁ ገዝታችሁ እንዳትናደዱ። ሁለተኛው ይከብዳል። ታሪኩን 1918 ላይ ማስቀመጡ አባቱን ከሥዕሉ ያወጣዋል። እንግሊዝ አለ፣ ቱርክ አለ፣ ጀርመን አለ። የ1929ኙ አዲስ አበባ ግን የለም፣ ልጁ ዩኒፎርም ለብሶ የቆመባት አገርም የለችም። ደጋግሜ አሰብኩበት። መሸሽ ነው? ወይስ ማፈር? "የበረሃው ጊንጦች" የሚለውን ሌላ ሥራውን በከፊል ስላየሁ ፍርዴን ትንሽ አለዝባለሁ። እሱ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መሃል ይገባል። ዋናው ገጸ ባሕርይ ደግሞ ከእንግሊዞች ጋር ሆኖ የጣሊያንን ጦር የሚወጋ ፖላንዳዊ መኮንን ነው። ልብ በሉ፣ የአባቱን ጦር የሚወጋ ሰው ጀግናው አድርጎታል። ሽማግሌው ኩሽም እዚያ ብቅ ይላል።

ስለዚህ ይነበብ ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ይነበብ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ "የባንዳና የፋሺስት ልጅ መጽሐፍ ለተማሪ ታሳያለህ?" ብሎ ተቆጥቶኛል። እኔ ባለ ዲፕሎማ አስተማሪ ነኝ፣ ፕሮፌሰር አይደለሁም፤ ግን እንዲህ አልኩት፦ ጋሼ፣ የወራሪው ልጅ ባየው አገር ላይ ይሄን ያህል ሣለ፣ የአርበኛው የልጅ ልጅ ግን ልሣል ሲል ደብተሩን የነጠቅነው እኛ ነን። ጋሼ ዝም አለ፣ ሻዩን ጠጣ። እኔን ያንገበገበኝም ይሄ ነው። አያቶቻችን ነገሩን በቃላቸው ይዘውት ወደ መቃብር እየወረዱ ነው።

በሥዕል መተረክ አናውቅም እንዳንል እናውቃለን። የንግሥት ሳባና የሰሎሞንን ታሪክ በትንንሽ ሳጥን ከፋፍሎ፣ ብዙ ጊዜ በ44 ክፍል፣ ከታች ጽሑፍ እየጨመሩ የሚሥሉት የእኛ ሰዎች ናቸው። ያ ኮሚክ ካልሆነ ምንድነው? ዛሬም ጀማሪዎች አሉ። ኤታን ኮሚክስ ያወጣውን "ጀምበር" ያላያችሁ ፈልጉት። በአማርኛም በእንግሊዝኛም አለ። ጀግናው አማኑኤል ተመርቆ አዲስ አበባ ላይ ሥራ የሚፈልግ ልጅ ነው፣ ኃይል ከማግኘቱ በፊት ያለው ክፍል ብቻ ለስንቱ ተማሪዬ የራሱ ታሪክ ነው። የሚበር ሰው ብዙም አይመቸኝም፣ የሥራ ፍለጋው ገጾች ግን አስቀውኛል፣ አሳዝነውኛልም።

ለክፍሌ አንድ የቤት ሥራ ሰጠሁ። ቤታችሁ ወይ ሠፈራችሁ ያለውን በዕድሜ ትልቁን ሰው ስለ ጣሊያን ዘመን ምን እንደሰማ ጠይቁ፣ ልብሱን፣ ዕቃውን፣ ቤቱን፤ መሣል የቻለ ይሣል፣ ያልቻለ ይጻፍ። አብዛኛው አምጥቷል። አንዷ ቅድመ አያቷ ከአቡጀዲ የሰፉትን ቀሚስ፣ ሌላው የቅድመ አያቱን ቀበቶ ከነጥይቱ ይዞ መጣ (ሥዕሉን ነው፣ አትደንግጡ)።

ደብተሩን የነጠቅኩት ልጅ የለገሃሩን ሥዕል እንደ አዲስ ሠርቶታል። ሰዎቹ አሁን ልብስ አላቸው። ጥግ ላይ ደግሞ ከሽቦ አጥር ጀርባ አንድ ትንሽ የፈረንጅ ልጅ ተቀምጧል፣ እጁ ላይ ኮሚክ አለ። ዘመኑ አይገጥምም፣ ይሄ እኮ በ1933 ነው፣ ለምን አስገባኸው ስለው፦

"ቲቸር፣ እሱም እዚህ ነበር አላሉንም እንዴ?"

መጽሐፉን መዋስ የምትፈልጉ የድሬ ልጆች በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ሰባት ሰው ተራ ይዟል። ፒዲኤፍ የለኝም፣ አትጠይቁኝ።