አምስት ድምፅ፣ ሁለት ቋንቋ፦ የዜማ ሐረግ ከቆማ ድጓ እስከ ብሉዝ ጊታር

(በፋኩልቲው መድረክ ለሕዝብ የቀረበ ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂ የተገለበጠ)



ንግግሬን በአንድ ተማሪ ጥያቄ እጀምራለሁ። ከዓመታት በፊት ለጀማሪዎች ጊታር አስተምር ነበር። ልማዴ ትምህርቱን በስኬል መጀመር ነበር። በሰሌዳው ላይ ላ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል ብዬ ጻፍኩና «የብሉዝ ጊታር መሠረት ይህ ነው፤ አጥኑት» አልኳቸው። በሳምንቱ ከተማሪዎቹ አንዱ ድምፆቹን አንድም ሳይስት ወጣባቸው፣ ወረደባቸው። ከዚያም ቀና ብሎ «መምህር፣ ይሄ ባቲ ነው ወይስ ብሉዝ?» ሲል ጠየቀኝ።

ጥያቄው በቦታው ነበር። ባቲ ከአንድ በላይ መልክ አለው። ሙዚቀኞቻችን ባቲ ማይነር የሚሉት ከላ ተነሥቶ ሲቃኝ ድምፆቹ እኔ በሰሌዳው ላይ ከጻፍኳቸው ጋር አንድ ናቸው። የሚሲሲፒ ጊታሪስትና የእኛ ክራር ደርዳሪ በእነዚህ አምስት ድምፆች ይገናኛሉ። ይሁን እንጂ ሁለቱን የሚያዳምጥ ሰው አንዱን ከሌላው ለመለየት ጥቂት ሰከንድ ይበቃዋል። ልዩነቱ ከድምፆቹ ካልመጣ ከየት መጣ? በዚያ ዕለት መልስ ስላልነበረኝ «ሁለቱም ነው» ብዬ አለፍኩት።

የዛሬው ንግግሬ ለዚያ ጥያቄ የምሰጠው መልስ ነው። አሳቤ በአጭሩ ይህ ነው፦ የአንድን ሙዚቃ ማንነት የሚወስኑት ከድምፆቹ የተሠሩትና ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፉት አጫጭር የዜማ ሐረጎች ናቸው፤ የድምፆቹ ዝርዝር ብቻውን አይወስነውም። እንግዲያውስ የሙዚቃ ታሪክ ስንጽፍ ከቅኝቶቹ ዝርዝር ባሻገር ሐረጎቹንና የሚያስተላልፏቸውን መምህራን መከተል ይገባናል።

በመጀመሪያ ከብሉዝ ልነሣ። የብሉዝ ጊታሪስቶች አጭሯን የዜማ ሐረግ «ሊክ» ይሏታል። ከሁሉ ቀላል ከሆኑት አንዷን ልግለጽ። ከቀጭኑ ሲቆጠር ሦስተኛው ክር ሰባተኛው ፍሬት ላይ በቀለበት ጣት ይያዛል፤ ድምፁ ሬ ነው። ክሩ እየተገፋ ሚ እስኪሆን ድረስ ይወጠራል። ቀጥሎ በሁለተኛው ክር አምስተኛው ፍሬት ላይ ያው ሚ ይመታል፤ በመጨረሻም በአንደኛው ክር አምስተኛው ፍሬት ላይ ላ ይመታል። ሦስት ምት ብቻ ነው፤ ጀማሪ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይይዘዋል። ነገር ግን በዚህች ሐረግ ውስጥ ከስኬሉ የማይገኙ ነገሮች አሉ፤ ክሩ የሚገፋበት ፍጥነት፣ አንድ ድምፅ በሁለት ክሮች ላይ ሲደገም የሚፈጠረው የቀለም ልዩነት፣ ከሐረጉ በኋላ የሚመጣው ዝምታ። ዝምታውም የራሱ ቦታ አለው። በተለመደው የአሥራ ሁለት ባር ብሉዝ ዘፋኙ ከአራት ባር ሁለቱን ያህል ዘፍኖ ይተዋል፤ የቀረውን ጊታሩ ይመልሳል። ሊክ ማለት እንግዲህ ለተነገረ ነገር የሚሰጥ መልስ ነው። እንዲህ ያሉ አሥር መልሶችን የያዘ ተማሪ እያቀያየረ፣ እያሳጠረና እያስረዘመ መነጋገር ይጀምራል።

እኔም ሐረጎቼን ያገኘሁት እንዲሁ ነበር። ያደግሁት በእስቴ፣ በመካነ ኢየሱስ ከተማ ነው። በተውሶ ጊታርና በአንዲት ካሴት ተማርኩ። አንዷን ሐረግ ለመያዝ ቴፑን ደጋግሜ ወደ ኋላ እመልስ ነበር። ስኬል የሚባል ነገር መኖሩን ያወቅሁት ብዙ ቆይቼ ነው። መምህር ከሆንኩ በኋላ ግን ራሴ የሄድኩበትን መንገድ ለተማሪዎቼ ሳላሳያቸው ቀረሁ፤ በቃል መያዝ ኋላ ቀር፣ በሕግ መጀመር ዘመናዊ ይመስለኝ ነበር።

ከሁሉ በላይ የሚያሳፍረኝ ይህን ስህተት የሠራሁ የእስቴ ልጅ መሆኔ ነው። ምክንያቱም በአጭር የዜማ ሐረግ ማስተማርን በጽሑፍ ሥርዓት እስከ መደንገግ ያደረሰ ትምህርት በዚያው አገር ነበረ። በድጓ ትምህርት ስማቸው የገነነ ሦስት የዜማ ስልቶች አሉ፦ ቤተልሔም፣ አጫብርና ቆማ። ቤተልሔም በጋይንት፣ ቆማ ፋሲለደስም በእስቴ ይገኛሉ። የድጓ ማስመስከሪያ የሆነችው ቤተልሔምና ስሟን ለራሷ ስልት የሰጠችው ቆማ ሁለቱም ከደቡብ ጎንደር ናቸው።

የድጓ ተማሪ ዜማውን በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ ይማራል። በመጽሐፉ ጽሑፍ ላይ የሚያያቸው ምልክቶችም በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛዎቹ እንደ ይዘት፣ ደረት፣ ጭረት፣ ሂደት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናትና ቁርጥ ያሉት ሲሆኑ ድምፁ እንዴት እንደሚያዝ፣ እንደሚወርድ፣ እንደሚቆረጥ ያመለክታሉ። ሁለተኛዎቹ በፊደል የሚጻፉት ምልክቶች ናቸው። አሠራራቸው እንዲህ ነው፦ ተማሪው አንድን የድጓ ቃል ከነዜማው በቃሉ ይይዛል። ከዚያ ቃል የተወሰዱ አንድ ወይም ጥቂት ፊደላት በሌላ ጽሑፍ ላይ በደቂቅ ይጻፋሉ። ትርጉማቸውም «ይህን አዲስ ቃል በዚያ በምታውቀው ዜማ በለው» ማለት ነው። እንዲህ ያሉት ምልክቶች በመቶዎች የሚቆጠሩ ናቸው።

እዚህ ላይ የታሪክ ተማሪዎች ልብ እንድትሉልኝ የምሻው ነገር አለ። የቤተ ክርስቲያኒቱ ትውፊት ዜማውን ለቅዱስ ያሬድ ይሰጣል። የፊደል ምልክቶቹን ሥርዓት ያደራጁት ግን በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ1540 እስከ 1559 ባለው ጊዜ፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል መሆናቸውን ይናገራል። ያ ዘመን ከግራኝ አሕመድ ጦርነት ጋር የተያያዘ ነው። አድባራት ተቃጥለዋል፤ መጻሕፍትና መምህራን ጠፍተዋል። ከእንዲህ ያለ ጥፋት የተረፈ ትውልድ የያዘውን ለማስቀመጥ ሲነሣ ያሰፈረው የስኬል ዝርዝር አልነበረም፤ የሐረጎች መዝገብ ነበር። ሊድኑ የሚገባቸው ሐረጎቹ መሆናቸውን ተረድቶ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ይሁን እንጂ ምልክቱ ብቻውን አይዘምርም። ብራናው ላይ ያሉት ሁለት ፊደላት የሚያስታውሱት አስቀድሞ በጆሮ የገባውን ነው፤ ላልሰማው ሰው ፊደል ብቻ ናቸው። ኬይ ካውፍማን ሸለመይና ፒተር ጄፈሪ እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 1997 በሦስት ቅጽ ባሳተሙት የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ዜማ ስብስብ የብራናዎቹን ምልክት ከሕያዋን መሪጌቶች ድምፅ ጋር አጣምረው ያጠኑት በዚህ ምክንያት ነው። ጽሑፉ ያለ ጉሮሮ፣ ጉሮሮውም ያለ ጽሑፍ ሙሉ ምስክር አይሆንም።

ከደብሩ ወጥተን ወደ ሰርግ ቤት እንሻገር። አዝማሪ ብራናም ምልክትም የለውም። በአንዲት የጭራ ክር ላይ የሚጫወተው ሰው ሙያውን የሚቀበለው ባብዛኛው ከቤተሰቡ ነው። አዝማሪዎች እርስ በርሳቸው የሚግባቡበት የራሳቸው የምሥጢር ንግግር እንዳላቸው ይታወቃል፤ የመሰንቆውም ሐረግ እንደዚሁ በቤት ውስጥ የሚለመድ ቋንቋ ነው። በመካነ ኢየሱስ በአንድ ሰርግ ላይ አንድ አዛውንት አዝማሪን «አባባ፣ ስንት ቅኝት ያውቃሉ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ፈገግ አሉና «ልጄ፣ ቅኝቱስ ጥቂት ነው። አባቴ በመጀመሪያው ክረምት የሰጠኝ አንዲት መግቢያ ብቻ ናት። እሷን ሳላጠራ ሌላ አልሰጠኝም» አሉኝ። ከዚያም መሰንቆውን አንሥተው ያችን መግቢያ አሰሙኝ። ቀጥለው በአራት ዓይነት ለዋወጧት፤ ለሙሽራው፣ ለኀዘንተኛ፣ ለሹምና ለቀልድ። ከታዳሚው አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ሲያቀብላቸው ያው ሐረግ አዲሱን ስንኝ ተሸክሞ ሄደ። በቃል የተያዘችው አንዲት ሐረግ ያልታሰበውን ስንኝ ለመቀበል ዝግጁ አድርጋቸው ነበር።

እዚህ ላይ ከመካከላችሁ «ይህ ሽምደዳ አይደለምን?» የሚል ይኖራል። ተገቢ ተቃውሞ ነው። ሐረግን ሸምድዶ በዚያው የቀረ ጊታሪስት ሞልቷል፤ ጥያቄ ሳይቀርብለት የሚመልስ ሰው ይመስላል። ሆኖም ሚልማን ፓሪ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በዩጎዝላቪያ የቀዳቸው ባለ አንድ ክር ጉስሌ ተጫዋቾች ሌላ ነገር አሳይተውናል። ተማሪው አልበርት ሎርድ በ1960 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ እነዚያ ዘፋኞች ሺህ በሺህ የሚቆጠሩ ስንኞችን በመድረክ ላይ የሚያዋቅሩት ቀድመው በለመዷቸው ቋሚ ሐረጎች አማካይነት ነበር። የተያዘው ሐረግ ለፈጠራ እንቅፋት ሳይሆን መሣሪያ ሆኗቸዋል። ልዩነቱ ተማሪው ሐረጉን ከነአገልግሎቱ መያዙና አለመያዙ ላይ ነው፤ ምን ሲባል እንደሚመለስ፣ የት እንደሚቆም፣ መቼ ዝም እንደሚባል።

አሁን ወደ ከተማው ጊታር ልመለስ። በ1960ዎቹ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የብሉዝና የሶል ሐረጎች ከአስመራው የቃኘው ጣቢያ ሬዲዮና ከሸክላዎች ወደ ወጣቶቻችን ጆሮ ደረሱ። የአዲስ አበባ ጊታሪስቶች የባሕር ማዶውን አጨዋወት ለአገራችን ቅኝቶች አገለገሉበት፤ በአምሃ እሸቴ አሳታሚነት ከ1969 ጀምሮ በወጡት ሸክላዎች ላይ የሁለቱ መጋባት ይሰማል። በኋላም በ2002 የታተመው የኢትዮፒክስ አሥረኛ ቅጽ ትዝታን «የኢትዮጵያ ብሉዝ» ብሎ ለዓለም አስተዋወቀ። ስያሜው ለናፍቆቱ ስሜት ይስማማ ይሆናል። እንደ ታሪክ ማስረጃ ከተወሰደ ግን ያሳስተናል፤ በስሜትም ሆነ በድምፆች መመሳሰል የዘር ሐረግ አያረጋግጥምና። ዝምድናን ልንመረምር ከፈለግን አንዷን ሐረግ ይዘን ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንደተላለፈች መጠየቅ አለብን።

ይህን የምለው ለንድፈ ሐሳብ ብቻ አይደለም። ዛሬ በስፋት ተሰራጭቶ የሚገኘው የድጓ ስልት የቤተልሔም ነው። እኔ በእስቴ ተወልጄ፣ በእስቴ አድጌ የቆማን ስልት ሳልሰማ ነው የወጣሁት፤ የብሉዝ ሊክ ግን ከካሴት ለቅሜያለሁ። ጥፋቱን በካሴቱ ላይ አልጥለውም፤ ካሴቱ ደጋግሞ ሊያሰማኝ ፈቃደኛ መምህር ነበር። የቆማ መምህር ግን ወደ ኋላ አይመለስም። ተማሪ ሳያስመሰክር ያለፈ የኔታ የዘመናት ሐረጎችን ይዞ ይሄዳል፤ ብራናው ቢተርፍ እንኳ የሚተርፈው ምልክት ነው። አዛውንቱ አዝማሪም እንዲሁ ናቸው። ቅኝቶቹ በመማሪያ መጽሐፍ ታትመዋል፤ ያች መግቢያ ግን የታተመችበት ቦታ የለም።

ስለዚህ ለተማሪዎቻችን ሁለት ነገር አሳስባለሁ። ለመመረቂያ ጽሑፍ ወደ ጋይንት፣ ወደ ስማዳ ወይም ወደ እስቴ የሚወርድ ተማሪ «ስንት ቅኝት አለ?» ብሎ አይመለስ፤ ቁጭ ብሎ ቢያንስ ሦስት ሐረግ ከአንድ መምህር ይቀበል፤ ድምፁን፣ የመጣበትን ሰውና የሚያገለግልበትን ጊዜ ይመዝግብ። ሙዚቃ የምታስተምሩ ደግሞ ሕጉን አትተዉ፤ ነገር ግን ተማሪው መጀመሪያ የሚናገረው ነገር ይኑረው፤ ሰዋስው ከንግግር በኋላ ሲመጣ ይገባል።

«ባቲ ነው ወይስ ብሉዝ?» ብሎ የጠየቀኝ ተማሪ ዛሬ በፊቴ ቢቀመጥ ጊታሩን ተቀብዬ በእነዚያው አምስት ድምፆች አንድ የብሉዝ ሊክ፣ ቀጥዬም አንድ የባቲ መግቢያ አሰማው ነበር። ከዚያም «ድምፆቹ ገና ሁለቱንም አይደሉም፤ የትኛውን ሐረግ ከማን ተማርክ?» ብዬ እጠይቀዋለሁ።