ማየት ማመን ነው? ከአውራሪስ እስከ ሜዳ አህያ

የሕግ ተማሪ ሳለሁ የማስረጃ ሕግ መምህራችን ደጋግመው የሚያነሷት አንዲት ጥያቄ ነበረች፤ ምስክሩ የሚናገረው በዓይኑ ያየውን ነው ወይስ ሰው የነገረውን? ጥያቄዋ ከፍርድ ቤት ውጭም ትሠራለች። እንስሳት በሥዕልና በፊልም እንዴት እንደቀረቡ ባነበብኩ ቁጥር ትታወሰኛለች። ለዛሬ ከዚሁ ንባቤ አራት ነገሮች መርጫለሁ። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1515 የሕንድ ግዛት የሆነችው የጉጅራት ሱልጣን የሰጡት አውራሪስ በመርከብ ተጭኖ ሊዝበን ገባ። በአውሮፓ ለዘመናት ሕያው አውራሪስ ያየ ሰው ስላልነበረ አገሩ ጉድ አለ። ስለ እንስሳው የተጻፈ ደብዳቤና አንድ ንድፍ ጀርመን ሲደርስ ታዋቂው ሠዓሊ አልብሬክት ዱሬር አውራሪሱን ሳያይ ሣለው፤ በእንጨት ላይ አስቀርጾም አሳተመው። የዱሬር አውራሪስ ቆዳው እንደ ጦረኛ የብረት ልብስ የተገጣጠመ ነው፤ ትከሻው ላይም በተፈጥሮ የሌለ ትንሽ ቀንድ በቅሎበታል። ምስኪኑ እንስሳ ለሮማው ጳጳስ በስጦታ ሲላክ በ1516 መጀመሪያ ኢጣሊያ ጠረፍ አጠገብ ከነመርከቡ ሰጠመ። ሥዕሉ ግን የተፈጥሮ ታሪክ መጻሕፍት ሳይቀሩ እየገለበጡት ከ200 ዓመታት በላይ እንደ እውነተኛ ምስል ኖረ። ቦታውን መልቀቅ የጀመረው ክላራ የተባለች አውራሪስ ከ1741 ጀምሮ በአውሮፓ ከተሞች እየዞረች ለሕዝብ ከታየች በኋላ ነው።

ይኼስ የስሚ ስሚ ማስረጃ ነው እንበል። ካሜራው እዚያው ቦታ ከነበረስ? በ1958 የዋልት ዲዝኒ ኩባንያ «ዋይት ዊልደርነስ» በተሰኘ ዘጋቢ ፊልሙ ሌሚንግ የሚባሉ የሰሜን ዋልታ አካባቢ አይጦች በጅምላ ከገደል ወደ ውኃ ሲወረወሩ አሳየ። ፊልሙ የኦስካር ሽልማት አገኘ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ግን የካናዳ ቴሌቪዥን ጋዜጠኞች ነገሩን መርምረው ትዕይንቱ የተቀናበረ መሆኑን አጋለጡ። አይጦቹ ከሌላ ቦታ ተጓጉዘው የመጡ ሲሆን፣ ወደ ውኃው የገቡትም በሰው ተገፍተው ነበር። ሌሚንጎች ቁጥራቸው ሲበዛ ይሰደዳሉ፤ ውኃ ሲያቋርጡ የሚሰጥሙም አሉ። ራሳቸውን ግን አያጠፉም። ያም ሆኖ ዛሬም በጭፍን የሚከተል ሕዝብን በሌሚንግ የሚመስሉ ጸሐፊዎች አልጠፉም።

ሦስተኛው «ጁራሲክ ፓርክ» ነው። በ1993 በወጣው በዚህ ፊልም ቬሎሲራፕተር ሰው የሚያክል፣ ቆዳው እንደ እንሽላሊት የሆነ አዳኝ ሆኖ ቀረበ። እውነተኛው እንስሳ ግን ወገቡ ከመሬት ግማሽ ሜትር ያህል ቢርቅ ነው። በ2007 ተመራማሪዎች ሞንጎሊያ ውስጥ በተገኘ የክንድ አጥንት ላይ የላባ መትከያ ምልክቶች ማግኘታቸውን አስታወቁ። ማስረጃው ቀርቧል፤ ነገር ግን በሰው ሐሳብ ውስጥ ያለው አሁንም ላባ አልባው ነው።

አራተኛው ከእኛ አገር ጋር የተያያዘ ነው። በ1621 ቱርኮች ከሐበሻ ምድር ያመጡት የሜዳ አህያ የሕንዱ ሞጉል ንጉሥ ጃሃንጊር ዘንድ ቀረበ። ዝንጉርጉርነቱ የቀለም ቅብ ነው ብለው የጠረጠሩ ነበሩ። እንስሳው በጥንቃቄ ተመረመረ፤ ጥርጣሬው ተነሥቶም የፈጣሪ ሥራ መሆኑ ታወቀ። ንጉሡ ይህንኑ በማስታወሻቸው መዝግበውታል። የቤተ መንግሥቱ ሠዓሊ ኡስታድ ማንሱርም ሣለው። ያ ሥዕል ዛሬ ለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛል፤ የሚያየው ሁሉ የሜዳ አህያ መሆኑን ለማወቅ አስረጂ አያሻውም።

የእኔ ክርክር ይኼ ነው። ማየት ብቻውን ማመኛ አይሆንም፤ ሌሚንጎቹን ሚሊዮኖች በዓይናቸው አይተዋቸዋል። የጃሃንጊር ሰዎች የሚበልጡን፣ ዓይናቸው ሥር የቆመውን እንስሳ እንኳ «ቀለም ተቀብቶ ይሆን?» ብለው መመርመራቸው ነው። ዛሬ ኮምፒውተር ያልተፈጸመን ድርጊት በፎቶና በቪዲዮ አስመስሎ በሚሠራበት ዘመን፣ ከስልካችን የደረሰንን ምስል ለወዳጅ ዘመድ ከማስተላለፋችን በፊት ማን አነሣው? የት? መቼ? ብለን እንጠይቅ። ዱሬር ቢሳሳት የተጎዳ ሰው አልነበረም። በእኛ መንደር ግን በአንድ የሐሰት ፎቶ ሰው ከሰው ሊጋጭ ይችላል።

ቸር እንሰንብት።