ባዕድ በገዛበት ዘመን ዐመፀኛው ማን ነው?

የሻንቶ ከተማ ያለችበት የወላይታ ምድር በግማሽ ምእት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ በጦር ተይዟልና፥ አገሩን በያዘ ኃይል ላይ መሣሪያ ያነሣ ሰው ወንበዴ ነው ወይስ አርበኛ የሚለውን ነገር ለመመርመር ለሚሻ ሁሉ የተመቸ መማሪያ ነው።

ከሁለቱ የሚቀርበን የኢጣልያ ዘመን ነው። የኢጣልያ መሪ ሙሶሊኒ ግንቦት 28 ቀን 1928 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ለነበረው ሹሙ ለግራዚያኒ በላከው ቴሌግራም የተማረከ ዐመፀኛ ሁሉ እንዲረሸን አዘዘ፤ ሐምሌ 1 ቀንም በሽብርና በእልቂት እንዲገዛ ፈቀደለት። በንጉሠ ነገሥቱ ሥልጣን የደቡብን ጦር ይመሩ የነበሩት ራስ ደስታ ዳምጠው፥ በአዛዥ የሚመራና መሣሪያውን በግልጽ የያዘ ተዋጊ በሄግ የጦርነት ደንብ የምርኮኛ መብት ያለው ሆኖ ሳለ፥ የካቲት 17 ቀን 1929 ዓ.ም. በቡታጅራ አጠገብ ተይዘው እንደ ወንበዴ ተረሸኑ። ከአምስት ቀን በፊትም፥ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ስለ ጣሉ፥ የአዲስ አበባ ሕዝብ ሦስት ቀን ሙሉ ተጨፈጨፈ፤ ቤቱም በእሳት ጋየ።

ከዚህ በኋላ ዘጠኝ ወር ሳይሞላ የዓለም መንግሥታት ማኅበር ኅዳር 7 ቀን 1930 ዓ.ም. በጄኔቭ ሽብርን የሚከለክል ውል አስፈረመ። ውሉ የተጠነሰሰው የዩጎዝላቪያ ንጉሥ አሌክሳንደር በ1927 ዓ.ም. በማርሴይ ስለ ተገደሉ ነበርና፥ ሽብር በመንግሥት ላይ የተቃጣ ወንጀል ነው ብሎ ደነገገ፤ መንግሥት ራሱ በሕዝብ ላይ ለሚያደርሰው ሽብር ግን ስፍራ አላበጀለትም። በዚህ ሕግ ቢፈረድ ኖሮ ተከሳሾቹ አብርሃና ሞገስ፥ ከሳሹም ግራዚያኒ በሆኑ ነበር። ውሉን ያጸደቀችው ህንድ ብቻ ስለ ነበረች ሳይጸና ቀረ፤ አስተሳሰቡ ግን አልቀረም።

እንግዲህ የሚሻለው መሣሪያው በማን ላይ እንደ ተነጣጠረ መጠየቅ ነው። የየካቲት 12 ቦምብ በስፍራው የነበሩትን ጳጳሱን አቡነ ቄርሎስን ማቍሰሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን የታለመው ለወራሪው እንደራሴ ሲሆን፥ የበቀሉ እሳት የታለመው ለንጹሓን ነበር። ግንቦት 14 ቀን 1933 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር የወላይታን ከተማ ሶዶን ሲይዝ፥ በዚያ የተማረኩት የኢጣልያ ጄኔራሎች መንግሥታቸው ለራስ ደስታ የነፈገውን የምርኮኛ መብት አገኙ።

ይህ ሚዛን ለባዕድ ብቻ ወጥቶ ለራስ ሲሆን የሚሰወር ከሆነ ግን አባይ ሚዛን ነው። በ1887 ዓ.ም. የዐፄ ምኒልክ ጦር በወላይታ ላይ በዘመተ ጊዜ የወላይታው ንጉሥ ካዎ ጦና ጋጋ አገራቸውን ሲከላከሉ ቈስለው ተማረኩ፤ ከሕዝባቸውም ብዙው አለቀ፥ ብዙውም ተማርኮ ተጋዘ። ራስ ደስታን አርበኛ ብሎ የሚጽፍ ታሪክ ጸሐፊ፥ በዚያው ብዕር ካዎ ጦናን ዐመፀኛ ሊል አይቻለውም።