ስንቱን እንጠብቅ? መልእክትን በጅምላ የመቀበል አጭር ታሪክ



በሐዋሳ መናኸሪያ፣ ወደ ሻሸመኔ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጦ «አንድ ሰው! ሻሸመኔ አንድ ሰው!» የሚለውን የረዳት ጥሪ ያልሰማ በዚህ አዳራሽ ያለ አይመስለኝም። መንገዱ ከ30 ኪሎ ሜትር አይበልጥም፤ ነዳጁ ግን አንድ ሰው ቢሳፈርም መኪናው ቢሞላም ያው ነው። ስለዚህ መኪናው ሳይሞላ አይነሣም። የዛሬው ርእሰ ጉዳዬም ከዚህ ስሌት ብዙ አይርቅም።

እ.ኤ.አ. በ1983 የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ 4.2 ቢኤስዲ የተባለውን ስርዓተ ክወና ሲያወጣ ሶኬትን ለዓለም አስተዋወቀ። ፕሮግራም ከኔትወርክ የመጣውን መልእክት በቀጥታ አይነካም፤ ከርነሉን መጠየቅ አለበት። ይህ ጥያቄ ሲስተም ኮል ይባላል። «ሬሲቭ ኤምኤስጂ» የተባለው ጥሪ በአንድ ጊዜ የሚያመጣው አንድ ዳታግራም ብቻ ነበር። ኔትወርኩ ቀርፋፋ በነበረበት ዘመን ይህ ማንንም አላስጨነቀም።

በእኛ አገር ውዱ ጥሪ ሌላ ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በአዲስ አበባ የኢኮኖሚ ኮሚሽን ለአፍሪካ ሥር የነበረው ፓዲስ በፊዶኔት አማካይነት የኢሜይል አገልግሎት ይሰጥ ነበር። መልእክቶች ኮምፒውተር ላይ ይጠራቀማሉ፤ ከዚያ በዓለም አቀፍ የስልክ መስመር በአንድ ጥሪ ተጠቃለው ይሻገራሉ። እኔም ወጣት ሳለሁ እንዲህ የተላከ ደብዳቤ ጽፌአለሁ፤ መጠበቁን እንደ ጉዳት አልቈጠርሁትም። እ.ኤ.አ. በ1997 የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን ኢንተርኔትን ሲጀምር ያ የመጠራቀም ልማድ ቀስ በቀስ ተረሳ።

ልማዱ በከርነሉ ውስጥ ተመልሶ የመጣው እ.ኤ.አ. በየካቲት 2010 በወጣው ሊነክስ 2.6.33 ነው። ብራዚላዊው አርናልዶ ካርቫሎ ዴ ሜሎ የጻፈው «ሬሲቭ ኤምኤምኤስጂ» በአንድ ጥሪ ብዙ ዳታግራሞችን ይቀበላል፤ በስሙ ላይ የተጨመረችው አንዲት «ኤም» ናት። በሴኮንድ እጅግ ብዙ ጥያቄ ለሚቀበል የዲኤንኤስ ሰርቨር ትርፉ ግልጽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የሜልትዳውን ጉድለት ከታወቀ በኋላ የተደረገው ጥገና ወደ ከርነል መሻገሩን ይበልጥ አስወድዶታል።

ነገር ግን ይህ ጥሪ እስከ ዛሬ በመመሪያው ላይ የተመዘገበ ጉድለት አለበት፤ ረዘም አድርጌ የማወራውም ስለዚህ ነው። ጠሪው የጊዜ ገደብ ሊሰጠው ይችላል። ከርነሉ ግን ገደቡን የሚያየው እያንዳንዱ ዳታግራም ከደረሰ በኋላ ብቻ ነው። ተራ አስከባሪው ሰዓቱን የሚመለከተው አዲስ ተሳፋሪ ሲገባ ብቻ ነው እንደማለት ነው። ተሳፋሪ ካልመጣ ሰዓቱን የሚያይ የለም፤ የተቀመጡትም ተቀምጠው ይቀራሉ።

ይህን የተማርሁት በኀፍረት ነው። አንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪዬ የ64 መልእክት ቦታ አዘጋጅቶ፣ ገደቡን አንድ ሴኮንድ አድርጎ መለኪያ ጽፎ ነበር። 40 መልእክት ደረሰ፤ ላኪው ዝም አለ፤ ፕሮግራሙም እስኪነጋ ዝም አለ። «ገደብ ሰጥቼዋለሁ» አለኝ። እኔም መመሪያውን ሳላነብ ስሕተቱ የእርሱ ነው ብዬ የሁለት ወር ልኬቱን እንዲጥል አዘዝሁት። ሳምንት ቈይቶ መመሪያውን አትሞ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረልኝ፤ የጉድለቱን አንቀጽ በእርሳስ አስምሮበታል። ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ልኬቱ ግን ተሰርዞ ነበር።

መድኃኒቱ ከሊነክስ 2.6.34 ጀምሮ አለ፦ «ዌይት ፎር ዋን» የተባለው ምልክት። የመጀመሪያውን ዳታግራም ይጠብቃል፤ ከዚያ በኋላ ግን በበሩ የቆመውን ሁሉ ይዞ ይመለሳል፤ የሌለውን አይጠብቅም። ማንም ጭራሽ ካልመጣስ? ያን ጊዜ የጊዜ ገደቡን በሶኬቱ ላይ ማኖር ያስፈልጋል። ተማሪዬ በሁለተኛው ዙር ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ልኬቱንም እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ።