ከሰማይ የወረደው ግዝት፤ የራስ ጉግሣ ወሌና ከእርሳቸው በኋላ የመጣው የነፋስ ላይ ቃል ዜና

በ1922 ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማርቆስ፣ በወርኃ መጋቢት፣ ሕዝበ ክርስቲያን በዐቢይ ጾም ላይ ሳለ፣ የበጌምድር ገዥ የነበሩት ራስ ጉግሣ ወሌ ጦራቸውን ይዘው ከደብረ ታቦር ወደ ምሥራቅ ባቀኑ ጊዜ፣ በዚያ ደጋ ላይ ከአያት እስከ ልጅ ልጅ ተሰምቶ የማያውቅ ድምፅ ተሰማ፤ እርሱም የአውሮፕላን ድምፅ ነበረ። ሠራዊቱ ቀና ብሎ ቢያይ ከሰማይ ወረቀት ይወርድ ጀመር፤ ወረቀቱም ጳጳሱ አቡነ ቄርሎስና አብረዋቸው ያሉት ኤጲስ ቆጶሳት የፈረሙበት ግዝት ነበረ፤ ቃሉም ራስ ጉግሣን የተከተለ ሁሉ የተወገዘ ይሁን የሚል ነው። ሬዲዮ በኢትዮጵያ ገና ሳይተከል፣ የመንግሥት ነገር በአየር ላይ ተሳፍሮ ወደ ባላገር ጆሮ የደረሰው በዚያ ቀን ነውና፣ የወግ አጥባቂዎችን ቃልና ለቃላቸው የተሰጠውን መልስ ዜና የሚጽፍ ሰው ነገሩን ከዚያ ይጀምር ዘንድ ይገባዋል።

ራስ ጉግሣ የራስ ወሌ ብጡል ልጅ፣ የእቴጌ ጣይቱም የወንድም ልጅ ነበሩ። በመጽሐፍ ዕውቀታቸውና በቅኔ ፍቅራቸው ወዳጅም ጠላትም የመሰከረላቸው መስፍን ሲሆኑ፣ የዳግማዊ ምኒልክን ልጅ ወይዘሮ ዘውዲቱን አግብተው ይኖሩ ነበር። በ1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ወርደው ዘውዲቱ ንግሥተ ነገሥታት፣ ራስ ተፈሪም አልጋ ወራሽና እንደራሴ በተባሉ ጊዜ ግን፣ የሸዋ መኳንንት የጣይቱ ወገን በዘውዲቱ ባል በኩል ዳግመኛ ወደ ቤተ መንግሥት እንዳይገባ ፈርተው ባልና ሚስቱን አለያዩአቸው፤ ከዚያ በኋላ እርሷ በአዲስ አበባ ዘውድ ደፍታ፣ እርሳቸውም በደብረ ታቦር በጌምድርን እየገዙ፣ በመካከላቸው የብዙ ቀን መንገድ ተዘርግቶ ኖሩ። ቤተ ክርስቲያን ያጋባቻቸውን ፖለቲካ እንደ ፈታቸው ልብ ያለ አንባቢ፣ የራስ ጉግሣን ኀዘን ከሥልጣን ምኞት ብቻ የመነጨ አድርጎ አይቈጥረውም።

የዚያ ዘመን ወግ አጥባቂዎች ነገር ሲነሣ፣ «አዲስ ነገር የሚጠሉ ነበሩ» ተብሎ በአንድ ቃል ይታለፋል፤ ይህ ፍርደ ገምድልነት ነው። እነርሱ ያዩትን እንመልከት። በ1894 ዓ.ም. በተፈረመው ውል ያለ እንግሊዝ ፈቃድ በጣናና በዓባይ ላይ ውኃውን የሚያግድ ሥራ እንዳይሠራ ተወስኖ ነበር፤ በ1918 ዓ.ም. ደግሞ እንግሊዝና ኢጣልያ፣ ባለቤቲቱን ኢትዮጵያን ሳይጠይቁ፣ አንደኛዋ የጣናን ግድብ፣ ሁለተኛዋ በምድራችን ላይ የሚያልፈውን የባቡር ሐዲድ ለየራሳቸው ያገኙ ዘንድ ደብዳቤ ተለዋወጡ፤ ኢትዮጵያም በመንግሥታት ማኅበር ፊት አቤት አለች። በ1920 ዓ.ም. ሐኪም ወርቅነህ ኒው ዮርክ ድረስ ተልከው ጄ. ጂ. ዋይት ከሚባል የአሜሪካ ኩባንያ ጋር ስለዚያው ግድብ ተነጋገሩ፤ በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ከኢጣልያ ጋር የወዳጅነት ውል ተፈረመ፣ በእርሱም ነገር ከአሰብ እስከ ደሴ መንገድ እንዲሠራና ለንግዳችን ወደብ እንዲሰጥ ተባለ። ለአዲስ አበባ ሰው ጣና በካርታ ላይ የተሳለ ውኃ ነበረ፤ ለደራና ለፎገራ ሰው ግን ጣና ማለት ዓሣው፣ ታንኳው፣ የዳር እርሻው፣ አባቶቹም የተቀበሩበት የደሴት ገዳም ነው። የባዕድ መሐንዲስ ገመድ ይዞ ሊለካው ሲመጣ፣ «ውኃው ቢሞላ እርሻዬና ገዳሜ ወዴት ይሆናሉ? ከንግዱስ ትርፍ ለእኔ ምን ይደርሰኛል?» ብሎ መጠየቅ ድንቁርና አይደለም።

የባሪያ ንግድ በመከልከሉ የተቈጣ መኰንን ቢኖር፣ ለእርሱ አልሟገትም፤ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል በሆንን ጊዜ የወጣው የባርነት ክልከላ አዋጅ የዘገየ እንጂ የተቻኰለ አልነበረም። ነገር ግን በሥልጣኔ ስም የሚመጣ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለምና፣ ከቶ ሳይመረመር ወግ አጥባቂውን ሁሉ ከባሪያ ፈንጋይ ጋር በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ የታሪክ ጸሐፊ ሥራ ሊሆን አይገባውም።

በዚህ አገር ለእንግዳ ነገር አልገዛም ማለት የትናንት ልማድ አይደለም። ከሐሙሲት ወደ ጣና ዳር ሲወርዱ የሚገኘው ቆራጣ፣ ዐፄ ሱስንዮስ የሮምን ሃይማኖት በተቀበሉ ጊዜ ባልዋንና ቤትዋን ትታ፣ በቃልዋና በመከራዋ የተቃወመችው የቅድስት ወለተ ጴጥሮስ አገር ነው። ንጉሡ ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ በ1624 ዓ.ም. ሃይማኖቱን ወደ ቀድሞው የመለሱት፣ ተቃውሞውን በጦር ሊያጠፉት እንዳልቻሉ ባዩ ጊዜ ነው፤ ልጃቸውም ዐፄ ፋሲለደስ ኢየሱሳውያኑን ከአገር አስወጡ፣ ሌሎች ፈረንጆችም እንዳይገቡ በምጽዋና በሱዋኪን ካሉት ፓሻዎች ጋር ተዋዋሉ። በዚያ ዘመን በሩ ከመጠን በላይ ተዘግቶ አገሪቱ ከዓለም ትምህርት እንደ ተለየች አልክድም፤ በሩ እንዲዘጋ ያደረገው ግን ገብተው ያልተጠየቁትን ያስተማሩ ሰዎች ትዕቢት ነበረ።

በራስ ጉግሣ ዘመን የመንግሥትን ሥራ የሚያመሰግንና የሚነቅፍ ቃል በበጌምድር የሚሄድባቸው መንገዶች የታወቁ ነበሩ። አዋጅ በነጋሪት በገበያ ይነገራል፤ ሊቁ በቤተ ልሔም ወይም በዙር አባ ጉባኤ ሆኖ በቅኔው ሰምና ወርቅ ሹሙን ይነካዋል፤ አዝማሪው በጠጅ ቤት መሰንቆውን ይዞ ስሙን ሳይጠራ ያወሳዋል። ተናጋሪው ማንም ቢሆን መልኩ ይታያል፣ አባቱም ይታወቃል፤ የሰማው ሰው ካልተስማማው፣ ቅኔውን በቅኔ፣ ግጥሙን በግጥም፣ አዋጁንም «አቤት፣ ይህስ እንዴት ነው?» ብሎ ይመልሳል። ሹሙ በሰማው ቃል ቢቈጣም ቃሉ ከማን አፍ እንደ ወጣ ያውቃል፤ ተናጋሪውም ይህን እያወቀ ቃሉን ይመዝናል። በአዲስ አበባ ከ1917 ዓ.ም. ጀምሮ «ብርሃንና ሰላም» የሚባል ጋዜጣ ይታተም ነበር፤ ሆኖም የእንደራሴው ወገን ብርቱ ብዕር ሲኖረው፣ የደብረ ታቦር ወገን ማተሚያ አልነበረውም፤ ስለዚህ ያንን ዘመን በታተመ ወረቀት የሚያጠና ሰው የአንዱን ወገን ቃል ብቻ ያነብባል።

የወግ አጥባቂው ወገን ምሰሶዎች አስቀድመው ወድቀው ነበር። አቡነ ማቴዎስና የጦር ሚኒስትሩ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ በ1919 ዓ.ም. በጥቂት ቀን ልዩነት ዐረፉ፤ የሲዳሞው ደጃዝማች ባልቻ በ1920 ዓ.ም. ጦራቸውን ይዘው አዲስ አበባ ደርሰው፣ ጦሩ በገንዘብና በማባበል ሲከዳቸው እጃቸውን ሰጡ፤ ራስ ተፈሪም መስከረም 27 ቀን 1921 ዓ.ም. ንጉሥ ተባሉ። በዚያን ጊዜ በራያና በአዘቦ ሽፍትነት ተነሥቶ ስለ ነበር ራስ ጉግሣ እንዲያጠፉት ታዘዙ፤ ከሽፍቶቹ ጋር ተመሳጥረዋል የሚል ጥርጣሬ ከአዲስ አበባ መጣባቸው፤ ከዚያ ወዲያ በደብዳቤና በአማላጅ ሊበርድ ያልቻለ ነገር ወደ ጦርነት ሄደ።

መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም.፣ የገብር ኄር ሰንበት በዋለ በማግሥቱ፣ ሰኞ፣ የጦር ሚኒስትሩ የደጃዝማች ሙሉጌታ ይገዙ ሠራዊትና የራስ ጉግሣ ሠራዊት በአንቺም ሜዳ ተገናኙ። የግዝቱን ወረቀት ያነበበና ሲነበብ የሰማ ብዙ ሰው ከጦሩ ተለይቶ ሄዶ ነበር፤ የቀረውን ደግሞ ያው አውሮፕላን ዳግመኛ መጥቶ ቦምብ ጣለበት። የዚያን አገር ወታደር ስለ ፍርሃቱ የሚነቅፍ ሰው ካለ፣ የቆመበትን ሁኔታ አላስተዋለም፤ ጥይትን የማይፈራ ጀግና፣ በጾም ወራት፣ ቆርቦ ያደገባት ቤተ ክርስቲያን በማታ ማታ እንዳትፈታው ቢሰጋ፣ ሊነቀፍ አይገባውም። ራስ ጉግሣም በዚያ ሜዳ ላይ ተዋግተው ወደቁ። በሁለተኛው ቀን፣ መጋቢት 24፣ ታመው የነበሩት ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ በአዲስ አበባ ዐረፉ፤ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ ጫኑ።

የተሐድሶው ወገን ያሸነፈው ተሟግቶ ረትቶ እንዳልሆነ ሊጻፍ ይገባል። ትምህርት ቤትን፣ ሆስፒታልን፣ የባርነትን መጥፋት ደግፎ ለመሟገት የሚያበቃ በቂ እውነት በእጁ ሳለ፣ የሰውን ነፍስ በሚያስፈራ ግዝትና በቦምብ አሸነፈ፤ ይህም ልማድ ሆኖ ቀረ። ከ30 ዓመት በኋላ፣ ታኅሣሥ 5 ቀን 1953 ዓ.ም.፣ ንጉሠ ነገሥቱ በብራዚል ሳሉ የክብር ዘበኛው አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ግርማሜ መንግሥት ገልብጠው፣ አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን በሬዲዮ የለውጥ አዋጅ ሲያነብቡ ተሰማ፤ ወዲያው የፓትርያርኩ የአቡነ ባስልዮስ ውግዘት ታትሞ በአዲስ አበባ ላይ ከአውሮፕላን ተበተነ። በ1922 ወግ አጥባቂውን የመታው የቤተ ክህነት ግዝት በ1953 ደግሞ ለውጥ ፈላጊውን መታ፤ ቃሉ የሚያገለግለው እውነትን ሳይሆን አውሮፕላኑ በእጁ ያለውን ነበርና።

ሬዲዮው ራሱ በአቃቂ ተተክሎ፣ በመስከረም 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ የኢጣልያን ግፍ ለአሜሪካ ሕዝብ የተናገሩበት ሲሆን፣ በደጋው አገር የተስፋፋው ግን በባትሪ ድንጋይ የሚሠራው ትንሹ ሬዲዮ ከመጣ በኋላ ነው። ብሥራተ ወንጌል በ1955 ዓ.ም. ተከፈተ፤ ደርግ በ1969 ዓ.ም. ወረሰው። የጀርመን ድምፅ በ1957 ዓ.ም. በአማርኛ መናገር ጀመረ። የኅዳር 1967ቱ የስድሳው ሹማምንት ግድያም፣ በዚያው ዓመት በየካቲት የመሬት አዋጁም፣ ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. የኰሎኔል መንግሥቱ ከአገር መውጣትም ሁሉ በሬዲዮ ተነገረ። ባላገሩ በነዚህ ዘመናት ሁሉ አድማጭ ሆኖ ኖረ፤ መልስ የሚሰጥበት ማይክሮፎን ግን አልነበረውም። በደርግ ጊዜ የውጭ አገር ጣቢያ የሚሰማ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ደጁን ዘግቶ ይሰማ ነበር፤ የሰማውንም ለታመነ ሰው ብቻ ያካፍል ነበር። እስከ ዛሬም በሐሙሲት የሐሙስ ገበያ የጤፍና የቅመም ዋጋ ከተጠያየቁ በኋላ «ሬዲዮ ምን አለ?» መባባል አይቀርም፤ የሰማ ላልሰማ ያወራል፣ ያልተስማማውም እዚያው ይከራከራል፤ ክርክሩ ግን ከገበያው አልፎ ወደ ተናገረው ጣቢያ አይመለስም።

ይህ ነገር የእኛ አገር ብቻ እንዳይመስል የአሜሪካንን ልጨምር። በዚያ አገር አንድ ጣቢያ በአከራካሪ ጉዳይ የአንዱን ወገን ቃል ቢያሰማ የሌላውንም እንዲያሰማ የሚያዝዝ ደንብ ነበረ፤ እንደ ጎርጎርዮስ አቈጣጠር በ1987 ተሻረ። በዓመቱ ረሽ ሊምቦ የተባለ ሰው በመላ አገሪቱ በሚሰማ ሬዲዮ በየዕለቱ ለሦስት ሰዓት ስለ ስደተኛ፣ ስለ ንግድ፣ ስለ ተቃውሞ ሰልፍ የወግ አጥባቂዎችን ሐሳብ ይናገር ጀመር፤ በ2021 እስኪሞትም ድረስ አላቋረጠም። አድማጮቹ «ድንበራችን፣ ሥራችን፣ የአባቶቻችን ልማድ» ሲሉ፣ ራስ ጉግሣ ያለ ማይክሮፎን የሞቱበትን ነገር በሌላ ቋንቋ ይናገራሉ፤ ታላላቆቹ ጋዜጦች ንቀዋቸው ስለ ነበር ያደመጣቸውን ሰው ተከተሉ፣ ይህንም አልፈርድባቸውም። ዳሩ ግን ያ ወገን በተራው መንግሥት በሆነ ጊዜ የሌላውን አፍ ዘጋ፤ እንደ እኛ አቈጣጠር ከ1970ዎቹ ጀምሮ በአማርኛ ሲናገር የኖረው የአሜሪካ ድምፅ በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ሠራተኞቹ ከሥራ እንዲገለሉ ታዝዘው ጸጥ አለ፤ በዚያው ወር ወደዚያ አገር በሚገባ የኢትዮጵያ ዕቃ ላይም የአሥር በመቶ ቀረጥ ታወጀ። በደራና በፋርጣ ስለዚህ ቀረጥ የሚያስረዳው የፈለገ ሰው፣ ሲያዳምጠው የኖረውን ጣቢያ ቢከፍት አላገኘውም።

የአንቺምን ጦርነት በዓይኑ ያየ ሰው ዛሬ በሕይወት አይገኝም፤ አባቱ ወይም አያቱ ከዚያ የተመለሰ፣ የወረቀቱን መውረድና የአውሮፕላኑን ድምፅ ሲተረክ የሰማ ሽማግሌ ግን በፋርጣ፣ በጋይንት፣ በእስቴም ይኖራል። በባሕር ዳር ያለው የክልሉ ሬዲዮ መቅረጫውን ይዞ ወደነዚህ አባቶች ይሂድ፤ የራስ ጉግሣ ወገን ስለ ጣና፣ ስለ ባዕዳን፣ ስለ ንግዱና ስለ ሃይማኖቱ ምን ይል እንደ ነበር ጠይቆ፣ ሳይቈርጥ፣ የሚቃወም ሰውም እንዲመልስበት ሰዓት ሰጥቶ ያሰማው።