አውደ ድምፅ

የሙዚቃ ዕቃ አዋቂዎች «ሳውንድስቴጅ» የሚሉት ከሁለት ስፒከሮች የወጣ ድምፅ በአድማጩ ፊት የሚዘረጋውን ስፋትና ጥልቀት ነው፤ ድምፃዊው መሐል፣ ማሲንቆው ወደ ግራ፣ ከበሮው ራቅ ብሎ ሲሰማ ማለት ነው። አውደ ምሕረትና አውደ ርዕይ ላለው ቋንቋ «አውደ ድምፅ» አይጎረብጥም። ብዙ ሰው ይህን የዕቃው ዋጋ ያመጣው ይመስለዋል። ይበልጡን የሚወስኑት ግን አቀማመጡና ክፍሉ ናቸው።

ለዚህ ላሊበላን የመሰለ ማስረጃ አይገኝም። በልደት በዓል በቤተ ማርያም «ቤዛ ኩሉ» ሲባል ካህናቱ ለሁለት ይከፈላሉ፤ ገሚሱ ዓለቱ ጠርዝ ላይ፣ ገሚሱ ከታች ከግቢው ቆሞ እያሸበሸበ ይቀባበላል። ዓይኑን የጨፈነ ሰው እንኳ ተራው የላዮቹ ይሁን የታቾቹ አይጠፋውም። ዙሪያው ድምፅ የማይመጥጥ ድንጋይ ሆኖ ሳለ ይህ የሆነው ጆሮ አቅጣጫን የሚፈርደው ቀድሞ በደረሰው ድምፅ ስለሆነ ነው። ከጎን የመጣ ድምፅ ሩቁ ጆሮ ዘንድ የሚዘገየው ቢበዛ 0.7 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው፤ አእምሮ ይህችን ቅንጣት ከጉልበት ልዩነት ጋር አመሳክሮ ግራና ቀኝን ይለያል። ላይና ታችን የሚያስለየው ደግሞ የጆሮ ቅጠል እጥፋት ነው። ሜትሮችን ተጉዞ የሚመለስ ማስተጋባት ዘግይቶ ስለሚደርስ ዜማውን ያደምቀዋል እንጂ ቦታውን አይነጥቀውም፤ ግቢው ጣሪያ አልባ መሆኑም ከፊሉን ወደ ሰማይ ይለቅለታል።

ካህናቱ በእውን በየቦታቸው ቆመዋል፣ ስቴሪዮ ግን ጆሮን ማታለል ነው የሚል ይኖራል። ልክ ነው። እንግሊዛዊው መሐንዲስ አለን ብሉምላይን እ.ኤ.አ. በ1931 የፈጠራ መብት የጠየቀበት ይኸው ማታለያ ነው፤ ማታለያ በመሆኑም በትንሹ ይፈርሳል። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ አንዱ ስፒከር በ30 ሳንቲ ሜትር ቢቀርብ ወደ 0.9 ሚሊሰከንድ ይቀድማል፤ መሐል የነበረው ድምፃዊም ወደ እሱ ይሄዳል። ቡፌው ላይ ከቴሌቪዥኑ ጋር የተጣበቁ ስፒከሮች አውዱን ያጠቡታል። ጥግ የተወተፈው ደግሞ ከግድግዳው የሚነጥረው ድምፅ ቶሎ ስለሚደርስ ጆሮ ከዋናው ሊለየው አይችልም፤ ሥዕሉ ይደበዝዛል። በላስታ ክብ የድንጋይ ቤት ችግሩ ሌላ ነው፦ ጎባጣው ግድግዳ ድምፁን ወደ መሐል ስለሚሰበስብ እዚያ አለመቀመጥ ይሻላል። በቀረው፣ ሁለቱ ስፒከሮችና አድማጩ ጎኖቹ እኩል የሆኑ ሦስት ማዕዘን ቢሠሩ፣ ከግድግዳው ቢርቁ፣ በየጎናቸውም ወፍራም መጋረጃ ቢኖር ለውጡ ወዲያው ይሰማል።

ዋጋ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ሁለቱ ስፒከሮች አንድ ዓይነት ካልሆኑ የትም ቢቀመጡ ሥዕሉ አይጠራም፤ በአንድ ማይክ የተቀዳ ዜማንም የትኛውም ሳሎን ግራና ቀኝ አያወጣለትም። እንዲህ ያለው የሞኖ ቅጂ ግን ለፍተሻ ይጠቅማል፦ ሲከፈት ድምፁ ከሁለቱ ስፒከሮች ልክ መሐል ካልመጣ ርቀቱን በሜትር መለካት ነው።